በሐይቁ በኩል ያለው ክፍል

ወንድሜን ያስበላሁት እኔ ነኝ። ሊያጽናናኝ የሚመጣው ሁሉ «ጊዜው ነው» ይለኛል። ጊዜውማ ክፉ ነበር፤ ክፍሉን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ደርግ ወጣቱን እየለቀመ ወደ ጦር ግንባር በሚልክበት ዘመን ነው። ጎንደር ላይ አፈሳ ሲነሳ ልጅ ከገበያም፣ ከኳስ ሜዳም፣ ከሰርግ ዳስም ይታፈሳል። ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ በነርስነት ደመወዜ ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ማንንም ሳላማክር ባሕር ዳር አጎታችን ዘንድ ላሸሸው ወሰንኩ። በማኪና እንዳንሄድ መንገዱ ኬላ በኬላ ሆኗል። የቀረን ከጎርጎራ የሚነሳው የጣና መርከብ ብቻ ነበር።

መርከብ ይባል እንጂ ሰውም፣ እህልም፣ ፍየልም አንድ ላይ የሚጫንበት አሮጌ ነገር ነው። ከላይ ግን ሹማምንት ሲሳፈሩ የሚያርፉባቸው፣ አልጋ ያላቸው ሦስት ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ትኬት ቆራጩን ሽማግሌ ክፍሎቹን ሳላይ አልቆርጥም ብዬ ችክ አልኩባቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቤት ልትከራዪ ነው?» አሉኝ እየሳቁ።

«አያ፣ እባክዎ ያሳዩኝ።»

አሳዩኝ። የመጀመሪያው ሞተሩ አጠገብ ነው፤ ናፍጣ ይሸታል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። የሁለተኛው በር መሰላሉ ፊት ለፊት ስለሆነ የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ ያየዋል። የሦስተኛው በር ወደ ሐይቁ ነው የሚከፈተው። የብሱ በሌላው ጎን ስለሚሆን ወደብ ላይ የቆመ ሰው አያየውም። መስኮቱ መጋረጃ አለው፤ በሩ ከውስጥ የብረት መቀርቀሪያ አለው።

«ይኼ ሸጋ ነው፤ ብቻ ማዕበል ሲነሳ ውሃ ይረጨዋል» አሉኝ ሽማግሌው።

ውሃ ምን አገባኝ! መቀርቀሪያውን ደጋግሜ ዘጋሁ ከፈትኩ። በብልጠቴ ኮራሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ኮርቼም አላውቅ።

ወንድሜ ግን አልወደደውም። «እታለም፣ እታች ከሰዉ ጋር ብንቀመጥስ?» አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ። እታች የጨው ጆንያቸው ላይ የተቀመጡ አንድ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ሰፈራችን ሱቅ ያላቸው፣ እኛን ከሕፃንነታችን የሚያውቁ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ወጣት ጫኞች ይዘዋል። ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ «እኔ ዘንድ ይሁን ልጄ፤ ከእነዚህ ጋር ጆንያ እየተሸከመ ቢውል ማን ልብ ይለዋል?» አሉኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረስኩት ልጅ ጆንያ ተሸክሞ እንዲታይ አልፈለግኩም።

መርከቡ በመንገዱ የሚያርፍባት ደልጊ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ወደቡ ላይ ታጣቂዎች ቆመዋል። በሩን ቀርቅሬ፣ መጋረጃውን ጋርጄ ተቀመጥን። እታች የሆነውን ነጋዴው ኋላ ነገሩኝ። ታጣቂዎቹ ሰዉን ገልመጥ ገልመጥ አድርገው ስለ ሁለቱ ጫኞች ጠየቁ። «ልጆቼ ናቸው፤ እነሱን ከወሰዳችሁ ይኼን ጨው ማን ሊያወርደው ነው?» አሏቸው ነጋዴው። ታጣቂዎቹም በጆንያና በፍየል መሃል መረማመዱ ሰልችቷቸው አለፉ። ቀጥለው፣ «እላይ የተዘጋው ውስጥ ማን አለ?» አሉ።

በሩ ሲደበደብ ወንድሜ ሊነሳ ሲል እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ዝም ካልን የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ሊሰብሩት ሲሉ ከፈትኩ።

«ደኅና ሰው ከሆነ ምን ያስቆልፈዋል?» አለኝ አንደኛው።

የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አወጣሁ። «ታማሚ ነው፤ ላሳክመው እየወሰድኩት ነው» አልኩ።

መታወቂያውን አገላብጦ አየው። «ጎንደር ሆስፒታል ነው የምትሠሪው። ታዲያ ታማሚውን ከሆስፒታል አውጥተሽ ወዴት ነው የምትወስጅው?»

ያን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ይህችን አላሰብኳትም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ወንድሜ ተነሳ። «ተይ እታለም፣ አትለማመጫቸው» ብሎኝ ቀድሟቸው ወጣ። ከበሩ ቆሜ በዓይኔ እንኳ ልሸኘው አልቻልኩም፤ የሚታየኝ ውሃ ብቻ ነው። ዞሬ በሌላው ጎን እስክደርስ ድረስ ከታፈሱት ጋር ቀላቅለውት ኖሮ፣ ከዚያ ሁሉ ጀርባ የቱ የእሱ እንደሆነ አልለየሁትም።

ከግንባር አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር እያነከሰ፣ እየለመነ ጎንደር ሲገባ አዘዞ መንገድ ዳር እየቆምኩ የሁሉንም ፊት አየሁ። የእሱ ፊት አልነበረበትም።

በመጨረሻ አምባ ጊዮርጊስ ወደምትኖረው እናታችን ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ «መንገድ ላይ ያዙት» ብቻ ነበር ያልኳት። ያን ቀን ክፍሉንም፣ መቀርቀሪያውንም፣ ነጋዴውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እንድትረግመኝ ፈልጌ ነበር። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። አልረገመችኝም።

«አልጋ ነበረው አልሽኝ?»

«ነበረው።»

«እንዲያው ትንሽ እንኳ ተኝቶበት ነበር?»

አልተኛበትም። ከጎርጎራ እስከ ደልጊ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ ከመስኮቱ ራቅ በል ብዬ ባስቀመጥኩት ጥግ ጉልበቱን አቅፎ ነው የመጣው።

«ተኝቶ ነበር» አልኳት።