አምባውን ያስተረጎምኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው አፓርትመንታችን፣ እራት ተበልቶ ሲያልቅ አባባ የምንላቸው አያቴ «መብራቱን አጥፉት፤ ወሬ በመብራት አይጥምም» ይሉና ጧፍ ይለኩሱ ነበር። እማዬ አንዲት ጧፍ ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ደወል የምታስጮህ ይመስል ፎጣ ይዛ ከሥሩ ትቆማለች። እኔና ወንድሜ ግን ያኔ ምንጣፉ ላይ ተንጋለን፣ አባባ ስላደጉበት አምባ ሲያወሩ እንሰማለን።

ዙሪያው ገደል ነው፤ ጠላት ያልደፈረው። መውጫው ጠፍር ብቻ፤ ወገብን ታስሮ ከላይ በሰው መሳብ። አናቱ ላይ ግን፣ ወይ ጉድ፣ የጥንት ነገሥታት ያስተከሉት የአትክልት ቦታ አለ፤ ትርንጎው፣ ወይኑ፣ ከአለት የተፈለፈለው የውሃ ጉድጓድ። አባባ በልጅነታቸው ትርንጎውን ያጠጡ ስለነበር የእያንዳንዱን ዛፍ ቦታ ምንጣፉ ላይ በጣታቸው ያሳዩናል። እንዴት እንደምኮራባቸው! ቤት ውስጥ ማለቴ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዬ አያቶች እየመጡ ስለ አገራቸው እንዲያጫውቱን ጠየቀች። አባባ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጁ ሰንብተው፣ በኮታቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው መጡ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ገና ሲገቡ አንዷ ልጅ «ብርድ ልብስ ለብሶ መጣ!» ብላ በእንግሊዝኛ ሳቀች፤ ፊቴ እሳት ሆነ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ገደሉ፣ ስለ ጠፍሩ፣ ስለ ትርንጎው አንድ በአንድ አወሩ። በገመድ ታስሮ ተራራ መውጣት ብል ልጆቹ ምን ሊሉኝ ነው? «ገጠር ነው ያደገው፤ ሎሚ ነበራቸው» ብቻ አልኩ።

«ያን ሁሉ በዚህችው?» አሉኝ አባባ።

«እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ አባባ።»

አመኑኝ። እሳቸው እየዘረዘሩ እኔ እየቆረጥኩ ጨረስን፤ ሲጨበጨብላቸው እጅ ነሱ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ሁሉ «ልጄ እኮ አምባዬን ለፈረንጆቹ አንድም ሳታስቀር ነገረችልኝ» ይሉ ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምባው ድረስ ሄድኩ። ዛሬ ደረጃ ተሠርቶለታል። ትርንጎዎቹ አባባ ባሉት ቦታ ቆመዋል፤ አንድም አልዋሹም። አትክልቱን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባባን ስም ስነግራቸው ሁለት እጄን ያዙ።

«አንቺ ነሻ! ደብዳቤ ጽፎልን ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አነበብነው። አምባችንን በሰው አገር ያስጠራሽ! አንደበትሽን ይባርከው፣ ልጄ፤ ቃለ ሕይወት ያሰማሽ!»

አጠገባችን የነበሩት ሁሉ አሜን አሉ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ የሚስቅብኝ የክፍል ልጅ የለም። ግን ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ወኔ ከዳኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እኔም «አሜን» አልኩ።

የአባባን ወሬ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያቺን አሜን ግን ይኸው እስከ ዛሬ መርሳት አቅቶኛል።