በቲክቶክ የመጣ መርዶ

ዛሬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ታደሰና እትዬ ብርቄ ከሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ለሀገሬ ሰው አይነገርም። "እማዬ ናት አይደል?" አልኩ።

ጋሼ መሬት መሬት እያዩ፣ "ልጅሽ ሳሚ የት ነው?" አሉኝ።

"ክፍሉ ተኝቷል" ስላቸው እትዬ ብርቄ "ወይኔ፣ አልሰማችም!" ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ወደ ክፍሉ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ልጄ ያንኮራፋል!

ለካ ትምህርት ቤቱ የአንድ ጥንታዊ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔትን ቲያትር ሁዲ አልብሶ፣ ራፕ ጨምሮበት ተማሪዎቹን እያሠራቸው ነው። ሳሚ "ሞቶ" አንዲት ልጅ ስታለቅስበት የሚያሳየውን ክሊፕ ቲክቶክ ላይ ለቀውታል። ጋሼ በልጅ ልጃቸው ስልክ አይተው፣ ሳያጣሩ ሽማግሌ ሰበሰቡ።

ደራሲው ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፤ በስደት እስከምንኖርባት ሆፐርስ ክሮሲንግ ድረስ መጥቶ ያስለቅሰናል!

ሽማግሌዎቹ ቁርስ በልተው፣ ሳሚን መርቀው ሄዱ። እኔ ግን የእማዬ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ አዲስ አበባ ደወልኩላት። እዚያ እኩለ ሌሊት መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ስልኩን አንስታ ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ፣ "ማን ሞተ?" አለችኝ።

እናንተስ ያለ ሰዓቱ በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ የማን ስም ነው? እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልደንግጥ።