ኮራሌን ባና አልብሻት ነበር

ዛሬ ጠዋት ኮራሌ እንደ ጡጫ ተጨብጣ፣ ቀለሟ ገርጥቶ አገኘኋት።

ለማያውቅ ሰው፦ ኮራል ድንጋይ ትመስላለች እንጂ ነፍስ ያላት የባሕር እንስሳ ናት፤ ብርሃን ካላገኘች አትኖርም። ከአዲስ አበባ እስከ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ድረስ በሚኒባስ ታቅፌ ነው ያመጣኋት። (አብደሃል የምትሉኝ ተራ ያዙ።)

ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ የመስታወት ገንዳ አዛወርኳት። ጥልቀቱ የድሮውን እጥፍ ነው፤ መብራቱ ግን ያው የድሮው ነው።

መገርጣት ስትጀምር ቤተሰቡ ሁሉ "ብርድ መትቷት ነው" አለ። መንዝ ውስጥ ሌላ በሽታ የለማ! እኔም ማሞቂያ እያላት መስኮቱን ዘግቼ ገንዳውን በሱፍ ባና ጠቀለልኩት።

ዛሬ አባቴ የሚካኤል ድርሳናቸውን እንደያዙ ገቡ። ከላይ ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ባናውን ከፊት ገለጥ አድርገው መጽሐፉን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

ከላይ፣ መብራቱ አጠገብ፣ ጥርት አድርገው አነበቡ። መጽሐፉን ዝቅ ባደረጉት ቁጥር ንባባቸው እየተጎተተ መጣ። ተንበርክከው ኮራሏ ዘንድ ሲደርሱ ጭራሽ ቆመ።

"እዚህ እኔ ፊደል አልለይም። እሷ በምን ትኑር?"

ባናውን ገፍፌ፣ ድንጋይ ደርድሬ እስከ መሀል ከፍ አደረግኳት። በአንዴ ወደ ላይ ባወጣት ደግሞ መብራቱ ያቃጥላታል።

አሁን ከሰዓት ሆኗል። አባቴ በርጩማ ስበው ፊቷ ተቀምጠዋል። ገና አልተከፈተችም።

እስክትከፈት እናንተ አውሩኝ፦ ጨለማ እየገደለው፣ በርዶት ነው ብላችሁ ልብስ የደረባችሁበት ነገር አለ?