ደርቋል ያለኝ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ ወጣ ብዬ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ባለው ቁልቁለት አንድ ጎልማሳ ብስክሌቱን እየገፋ ሲወርድ አየሁ። «ለምን አትነዳውም?» አልኩት። «ያንሸራትታል እኮ፣ ጋሼ» ብሎኝ አለፈ። እኔ ግን ግራ ትከሻዬን እያሻሸሁ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በወጣትነቴ አቃቂ የምትነቃው በባቡር ፉጨት ነበር። ታደሰ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ፣ ቤታቸውም ወንዙ አጠገብ። ብስክሌት የተማርነው በአንድ አሮጌ ብስክሌት በየተራ ነው። ክረምት ሲወጣ የበቆሎ እሸት ጠብሰን ለሁለት እንሰብራለን፤ ትልቁን ግማሽ ብዙ ጊዜ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ይህን ዛሬም አልክድም።

ያኔ ከአካባቢው ፋብሪካዎች አንዱ የብስክሌት ቡድን ነበረው። አንድ ሰው ጎደለና እኔና ታደሰ እንድንወዳደር ተጠራን። ቡድኑ ውስጥ የገባ በፋብሪካው ሥራ ያገኛል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ በጉሊት ንግድ ነበር የምታስተዳድረን፤ ከዚያ ሥራ በላይ የምመኘው አልነበረም።

የውድድሩ መነሻ ባቡር ጣቢያው፣ መድረሻው ድልድዩ፣ መንገዱም ወንዝ ወንዙን ነው። ወሩ መስከረም ነበር። አደይ አበባ ቢፈካም የአቃቂ ዋልካ አፈር አይታመንም፤ ላዩ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ሥሩ ግን ቅቤ ነው። በዋዜማው ታደሰን ጠየቅሁት።

«ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባው ጋ እንዴት ነው?»

«ዛሬ ነድቼበታለሁ። ደርቋል፤ እንደ አስፋልት ነው። ሳትፈራ ልቀቀው።»

ለቀቅሁት። እስከ ኩርባው ድረስ እየመራሁ ነበር። እዚያ ስደርስ የኋላ ጎማው ከሥሬ ሸሸ፤ ሰማዩን አየሁ፣ ከዚያ አፌ ጭቃ ሞላ። ቀና ስል ታደሰ ብስክሌቱን ተሸክሞ ዳር ዳሩን፣ ሣር ሣሩን እየረገጠ ያልፋል። ዞር ብሎ «አይዞህ!» አለኝ። ሊያነሳኝ ነው ስል ተፈናጦ ሄደ።

ወጌሻ ትከሻዬን አሰረልኝ። የታደሰ እናት እትዬ አስካለ ገንፎ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምን ዓይነት ርጉም ቦታ ነው! የእኔውም እኮ በዋዜማው እዚያው ወድቆ፣ ልብሱን ባጥበው ባጥበው ጭቃው አልለቅ አለኝ። አልነገረህም?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ነግሮኛል፣ እትዬ» አልኩ። እሳቸውን ምን በድለውኝ ላሳፍራቸው?

የታሰረው ትከሻዬ ሲፈታ ታደሰን ጣቢያው ጋ አገኘሁት። የቡድኑን ማልያ ለብሷል።

«ራስህ ወድቀህበት ለምን ደርቋል አልከኝ?»

መሬት መሬቱን አየ። «የሚፈልጉት አንድ ሰው ነበር» አለኝ። ባቡሩ ገባ፣ ተሳፋሪው መሃላችን ፈሰሰ፤ ወሬያችንም እዚያው ቀረ።

እኔም ሌላ ቦታ ሥራ አገኘሁ፤ እናቴን ጦርኩ፣ ልጆች አሳደግሁ። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ታደሰ ተነስቶ ቦታ ይለቅልኛል፤ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ወጥቶት አያውቅም። የሚከነክነኝ መውደቄ አይደለም። ደርቋል ሲለኝ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነበር፤ አንዳች ነገር አላየሁበትም። ከዚያ ወዲህ የምወደው ሰው «አታስብ፣ ደህና ነው» ሲለኝ ልቤ ሊያምን ይፈልጋል፣ ዓይኔ ግን ፊቱን ይመረምራል። ባለቤቴ ዕድሜ ልኳን «ምን ታፈጥብኛለህ?» ስትለኝ ኖራለች። ፊቷ ላይ ምን እንደምፈልግ ለእሷ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።