ሽማግሌ ሊጭን የተገዛው መኪና

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ዩጋንዳ በኮሮና ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ እንቅስቃሴ በዘጋችበት ሰሞን ነው። ዛሬም ካምፓላ ውስጥ፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ ወንዝ ሊሻገር የተዘጋጀ የሚመስል ጂፕ ቆሞ ሳይ መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደሜ ይፈላል። ታሪኩን ስትሰሙ በሁለቱም ትፈርዱልኛላችሁ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምሠራው በአንድ የእርዳታ ድርጅት የግዢ ክፍል ውስጥ ነው። ከብሩክ ጋር ከተዋወቅን ቆይተናል። ብሩክ አየር ጭነት ቢሮ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ልጅ ነው። እንደምንጋባ ተነጋግረን ጨርሰናል። የቀረን ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር።

አባቴ አቶ ተፈራ ለዓይኑ ሕክምና ከአዲስ አበባ መጥቶ ሙቱንጎ እኔ ቤት ተቀምጧል። ሕክምናው አልቆ የመመለሻ ቲኬቱም ተቆርጧል። አባቴ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። "በስልክ ልጅ አልሰጥም። ዓይኔ የዳነው ሽማግሌ ላይበት ነው፤ ሳልሄድ ይምጡ" ብሎኛል። እሱ ከሄደ ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የኔም ጉዳይ መቼ እንደሚያልቅ እግዜር ይወቅ። ይህን ለብሩክ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ችግሩ መኪናው ነበር።

የታላቅ እህቴ ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ላይ የመጡት በቪኤይት ነው። ቪኤይት አገራችን ውስጥ መኪና ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ማዕረግ ነው። ያ ቪኤይት ግን የመሥሪያ ቤት ነበር። ሾፌሩ ሌላ ቦታ ይፈለግ ስለነበር ሽማግሌዎቹን ምሳ እንኳ በወጉ ሳያስጨርስ አጣድፎ ነው የመለሳቸው። ይህንንም ለብሩክ ነግሬዋለሁ። እሱ የሰማው ቪኤይት የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

"እኔስ ከማን አንሼ ነው በዚህች ቆርቆሮ ሽማግሌ የምልከው?" አለ። ቆርቆሮ ያላት ስንት ዓመት ሳትታመም ያገለገለችውን ትንሿን መኪናውን ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄኔ ነው።

ካምፓላ ውስጥ ቦንድ የሚባሉ ከውጭ የመጡ አሮጌ መኪኖች የሚሸጡባቸው ግቢዎች አሉ። ብሩክ እዚያ ሁለት ጂፖች አይቶ ልቡ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ፉል ኦፕሽን ነው፤ ባለ ቆዳ ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ መሐሉ ላይ ለስላሳ የሚያቀዘቅዝ ሳጥን ያለው። ሌላው ስታንዳርድ ነው፤ ማርሹ በእጅ፣ ወንበሩ ጨርቅ፣ ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮቱ ጠፍ መሬት። ፉል ኦፕሽኑን ይግዛ? ወይስ ስታንዳርዱን ገዝቶ ቀስ በቀስ ያሳምረው?

ጥያቄው የኔና የሱ መሆኑ ቀርቶ ሐበሻ የሚበዛበት የካባላጋላ ሰፈር ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤት ስንገባ ሰላምታው እንኳ "ወሰንክ?" ሆነ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ ሞተር ያስተምራል። ክትፎ የሚያመጣልን አስተናጋጅ ሳይቀር ሣህኑን አስቀምጦ "ፉል ኦፕሽን ይሻልሃል፣ ክብር አለው" ይላል።

እኔ በሥራዬ ምክንያት እንዲህ ያሉ መኪኖች ስገዛ ነው የምውለው። ስታንዳርዶቹን ጠረፍ፣ ካራሞጃ እንልካቸዋለን፤ ጭቃና አሸዋ ሲያርሱ ይከርማሉ። ፉል ኦፕሽኖቹ ካምፓላ ቀርተው አለቆችን ከቤት ቢሮ ያመላልሳሉ። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት "አንቺ ደግሞ፣ ይሄ የቢሮ ዕቃ አይደለም" ይለኛል። ከካባላጋላ ሙቱንጎ ያለው መንገድ አስፋልት መሆኑን ላስታውሰው ስሞክርም ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀብኝ።

በመጨረሻ ስታንዳርዱን ገዛ። "ፉል ኦፕሽኑን የሚያስንቅ አድርጌ ነው የምሠራው" አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ሽማግሌ የሚመጣ መስሎኝ።

መኪናው ከቦንድ በቀጥታ ጋራዥ ገባ። ትልልቅ ጎማ ተገዛለት። ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ አላዞር አለ። ስለዚህ መኪናው ከፍ ይበል ተባለና ከፍ አለ። ከፍ ሲል መብራቱ ወፍ ማሳደድ ጀመረ፤ እሱም ተቀየረ። ፊት ለፊቱ ከጭቃ የሚጎትት ዊንች ተገጠመ፤ ዊንቹ ከብዶት ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተሩ ተለወጠ። ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ወጣ። ከዚያ ያ የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ቱቦ መጣ፤ መኪናው ውኃ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው አሉ።

"የቱ ውኃ?" አልኩት።

"አይታወቅም" አለኝ።

ከቤቴ በረንዳ ላይ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይታያል። ሽማግሌዎቹን በዚያ በኩል ሊያመጣቸው አስቦ እንደሁ እንጃ።

በዚህ መሐል የሽማግሌዎቹ ቀን ተቆርጦ ነበር። ጎማ ከወደብ አልመጣም ተብሎ ተላለፈ። ሌላ ቀን ተቆረጠ፤ ቆዳ ወንበሩ አልተሰፋም ተብሎ እንደገና ተላለፈ። "ትልልቅ ሰዎች በጨርቅ ወንበር ላይ?" ይላል ብሩክ፣ ጨርቅ ላይ መቀመጥ ኃጢአት ይመስል።

የሽማግሌዎቹ መሪ እንዲሆኑ የተለመኑት ጋሽ ሙሄ ናቸው። ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው፤ ናኪቩቦ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ካምፓላ ያለ ሐበሻ፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሲጣላ የሚሮጠው ወደሳቸው ነው። ቀኑ ሁለተኛ ሲተላለፍ ብሩክን እኔ ፊት "ልጄ፣ ሽማግሌ በእግሩ ይሄዳል፣ በአፉ ይናገራል። ያንተ ቆዳ ወንበር ምን ሊናገር ነው?" አሉት። ብሩክ ሳቀ፤ ሳቀና ወደ ጋራዡ ሄደ።

መኪናው አልቆ በወጣ ማግሥት አገር ተዘጋ። የግል መኪና መንገድ ላይ እንዳይታይ ተባለ። ፈቃድ ስቲከር ያላቸው እንደኛ ቢሮ ያሉ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ቦዳ ግን፣ ማለት ሞተር ሳይክል ታክሲው፣ አንድ አንድ ሰው እየጫነ እስከ አመሻሽ መሥራት ይችላል። አውሮፕላንም አልቆመም፤ አባቴ የሚሄድበት ቀን ደርሷል።

"ብሩኬ፣ በቦዳ ይምጡ" ብዬ ለመንኩት።

"ሽማግሌ በቦዳ! ሰው ምን ይለናል? አባትሽ ይሂዱ ግድ የለም። ሲከፈት አዲስ አበባ ድረስ በክብር እንልካለን።"

"በዚህ በቀኝ መሪ መኪናህ?"

የቆጨው አባቴ መሄዱ ሳይሆን መኪናው አዲስ አበባ የማይገባ መሆኑ ነበር። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ለጋሽ ሙሄ ደውዬ፣ ስላደከምናቸው ይቅርታ ጠይቄ፣ ነገሩ እንደቀረ ነገርኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። ይህን ብለው ስልኩን ዘጉ።

እሑድ ረፋዱ ላይ፣ አባቴ ሻንጣውን እያሰረ፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ፣ ዳገቱ ላይ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት አየሁ። ሦስት ቦዳዎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ላይ ጋሽ ሙሄ ናቸው፤ ነጭ ቆባቸው ላይ የቦዳውን ሄልሜት ደፍተውበታል። ቀጥለው የምግብ ቤቱ ባለቤት አቶ ግርማ፣ ጋቢያቸው ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ታቅፈውት። መጨረሻ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የነጂውን ጃኬት ጨምድደው ይዘዋል። ወርደው አቧራቸውን አራገፉ፤ ጭንብላቸውን አስተካከሉና በራችንን አንኳኩ።

ብሩክ ሐሳቡን ለወጠ፣ ላካቸው ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

አባቴ ከፈተላቸው። "ግቡ፣ አረፍ በሉ" አለ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ሙሄ። ሦስቱም ቆሙ። ወጉ እንዲህ ነው። ከበሩ ጀርባ ተደብቄ እሰማለሁ።

"እሺ፣ ማን ላካችሁ?" አለ አባቴ። ይህም ወግ ነው። መልሱ የታወቀ ነው፤ እገሌ የእገሌ ልጅ ልኮን ይባላል።

ጋሽ ሙሄ ቆባቸውን አስተካከሉ። አቶ ግርማ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አቶ ተፈራ፣ ወላሂ በቤትዎ ቆሜ አልዋሽም" አሉ ጋሽ ሙሄ። "ልጁ አልላከንም። ልጁ ደህና ልጅ ነው፤ መኪና ይዞት ነው እንጂ። እርስዎ ሳይሄዱ እንድረስ ብለን ራሳችን መጣን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያልተላከ ሽማግሌ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አባቴም ግራ ገባው፤ ሊስቅም ሊቆጣም ቃጣው።

ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው። ሰዎቹ በቦዳ ሲወጡ ካባላጋላ ያየ ሰው ደውሎ ነግሮታል። ሲሰማ ኀፍረት ይዞት፣ ቀድሞ ደርሶ ሊጭናቸው፣ ያንን ተራራ አስነስቶ ወጥቷል። መንገድ ላይ ያለ ፖሊስ ሁሉ እንዴት አያየው? አስቁመውታል።

"የቢሮሽን ስቲከር ይዘሽልኝ ነይ! አሁኑኑ!" አለኝ።

"ብሩክ፣ ጋሽ ሙሄ እኛ ቤት ናቸው። አባቴ ፊት ቆመዋል።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ስቲከሩ ግን አለሽ?"

ጋሽ ሙሄ ድምፁን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ። ከበሩ ጀርባ ወጥቼ ስልኩን ሰጠኋቸው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አስደረጉኝ።

"ልጄ ብሩክ፣ አባቷ እየሰሙህ ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ልኬያችኋለሁ በል። አንዲት ቃል ናት። የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።"

አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ልጅ ሊሰጥ ፈልጎ ነበር። ፊቱ ላይ አይቼበታለሁ።

"ጋሽ ሙሄ፣ አንዴ ይታገሡኝ፣ ሊጎትቱት ነው" አለ ብሩክ። ከዚያ ድምፁ ራቅ አለ፤ ፖሊሱን በአገሬው ቋንቋ ጌታዬ እያለ ነው የሚጮኸው። "ሴቦ! ሴቦ፣ ፕሊስ፣ በፊት በኩል አይደለም! ፓራውልቱ አዲስ ነው!" ተመልሶ መጣ። "ጋሽ ሙሄ፣ መልሼ ልደውል?"

ስልኩ ተዘጋ። ሌላ ሊጎትት ዊንች የተገጠመለት መኪና በፖሊስ አሮጌ ክሬን ተጎተተ።

ማንም አልሳቀም። አባቴ ቀና አለ፤ ሽማግሌዎቹን አያቸው። እኔን አላየኝም፤ ላለማየት ነው። "እንግዲህ ላኪ የለም" አለ። "እንግዳ ግን አለ። ተቀመጡ። ልጄ፣ ምሳ አቅርቢ።"

የሰኔ ጾም ስለነበረ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የሚል ጣጣ አልነበረም። አራቱም አንድ ትሪ ከበው ሽሮ በሉ። እኔ እያቀረብኩ እንባዬን በክንዴ እጠርጋለሁ። አባቴ ሁለት ሦስት ጊዜ አጎረሰኝ።

ብሩክ መልሶ የደወለው በማግሥቱ ነው። የነገረኝ መኪናው በፖሊስ ግቢ ፀሐይ ላይ እንደቆመና ቆዳው እንዳይሰነጠቅ እንደፈራ ነው። ጨርሶ ሲያበቃ "አባትሽ ምን አሉ?" አለኝ። "ላኪ የለም አለ" አልኩት። "መኪናው ሲለቀቅ እልካለሁ አልኩሽ እኮ!" ብሎ ተቆጣ። እኔም መኪናውን ራሱን እንዲያገባው መክሬው ስልኩን ዘጋሁ።

አንዳንድ ሰው በመኪና ምክንያት ባል አጣች ይለኛል። ይበል። ብንጋባ ኖሮ ምጥ ሲይዘኝ መጀመሪያ ወንበሩን ላስቲክ አልብሶ ነበር የሚጭነኝ። ብሩክ ያንን ሸጦ ፉል ኦፕሽኑን ገዝቷል አሉ። እንኳን ደስ ያለው።

አልጎዳኝም ብል ግን ውሸት ነው። ዓመት ሙሉ ጎድቶኛል። የሚቆጨኝ እሱ አይደለም፤ አባቴ ወደዚያ ስልክ ጎንበስ ማለቱ ነው።

አባቴ ኤርፖርት ላይ ሲሰናበተኝ ስለ ብሩክ አንድም ቃል አልተናገረም። "ሽማግሌዎቹ ግን ሰዎች ናቸው" አለኝ። "ሌላ ሰው ሲመጣም እነሱው ይምጡ።"

መልእክቱን ለጋሽ ሙሄ አድርሻለሁ። ሱቃቸው ጎራ ባልኩ ቁጥር "ልጄ፣ መቼ ነው የምንመጣው?" ይሉኛል። ላኪ ሲገኝ እላቸዋለሁ። ላኪው እስካሁን አልተገኘም። ሽማግሌ ግን አለኝ።