ያልተቀዳው ደም

እንጅባራ ላይ የኤችአይቪ ክትባት እነድፋለሁ ስል ሰው ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ብልቃጥ ጨብጬ ያስበኛል። እኔ ግን ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ጋቢ እና መብራት በሄደ ቁጥር የሚፈተን ትዕግሥት ነው። ሥራዬ በየአገሩ ከተገኘው ቫይረስ የተነበበውን ዘረመል ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ይህ ተለዋዋጭ ጉድ የማይለውጣቸውን ቁርጥራጮች መፈለግ ነው። ከነዚያ ውስጥ ሰውነታችን ጠላት ብሎ ሊለያቸው የሚችሉትን ፕሮግራሙ ይገምታል፤ እኔ እቀጣጥላቸዋለሁ። የሚወጣው እጩ ክትባት ይባላል። እጩ ነው፤ የማንም ክንድ ውስጥ አልገባም።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ይህን ሥራዬን ይወዱት ነበር። በቆሎ ነጋዴ ነበሩ፤ በየጊዜው ወደ ጫግኒ ይወርዳሉ። የሚወርዱት ለበቆሎ ብቻ አልነበረም፤ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን የሚወስዱትም ከዚያ ነው። እዚሁ እንጅባራ ሆስፒታል እያለ፣ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያይ ቆላ ይወርዱ ነበር። የጫግኒው ታማሚ ደግሞ ከጎረቤቱ ሸሽቶ ወደኛ ይወጣል። የእንክብሉ ብልቃጥ ኪሳቸው ውስጥ እንዳይንሿሿ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም እንደምናውቅ ያውቃሉ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ፤ እኛም እንደዚያው ተኝተን ኖርን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ሳለ፣ እቤቴ ድረስ መጡ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ነበር።

"እስቲ ምን ላይ ደረስሽ?" አሉኝ አጠገቤ ተቀምጠው። "እኔ ለፈረሴ እንኳ በየዓመቱ ክትባት አስወጋለሁ። ለሰው እንዴት ጠፋ?"

"ይኸኛው መልኩን ቶሎ ቶሎ እየለዋወጠ ነው ያስቸገረን፣ አጎቴ።"

እጩው ለየትኛው ሕዝብ ሊሠራ እንደሚችል የምገምትበትን ገጽ አሳየኋቸው። የሰውነት መከላከያ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ፣ ፕሮግራሙ የየአገሩን ሰው ደርድሮ ምረጪ ይለኛል።

"የኛ ሰው የቱ ጋ ነው?"

"የለንበትም። የሌላ አገር ሰው መርጬ ነው የምሠራው።"

"ምነው?"

"ደማችንን ቀድቶ፣ አጥንቶ እዚህ ያስገባ የለማ።"

ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ።

"ይኸው፣ የኔን ቅጂ። የኔ ደም ሳይሻል አይቀርም።"

እኔ አስተማሪ ነኝና የመጣልኝ ማስተማር ነው። "አይ አጎቴ፣ አያስፈልግም። ያንድ ሰው ደም ብቻውን ምንም አያደርግም። ደግሞ የኔ ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ደም አልነካም" አልኋቸው ፈገግ ብዬ። ምላሴን በቆረጠው! ያልሁት ሁሉ ግን እውነት ነበር።

እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መለሱና ቁልፉን ቆለፉ። "እሺ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ" ብለው ስለ በቆሎ ማውራት ጀመሩ።

የገባኝ ባጃጅ ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው። ሮጬ ልከተላቸው አሰብሁ፤ ግን ምን ልላቸው? ሌላ ቀን አነሣዋለሁ ብዬ ተውሁት። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ መጥተዋል፤ ጋቢያቸውን ግን አላወለቁም፤ ስለ ክትባቱም አልጠየቁኝም።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ለቅሶው ላይ ፈረሳቸው ተሸልሞ ዞረ። ሰው ሁሉ "ጉበታቸው ነው" ሲል፣ እኔም ለጠየቀኝ "ጉበታቸው ነው" አልሁ።

ዛሬም ሌላ እጩ እየነደፍሁ ነው። ፕሮግራሙ ሕዝብ ምረጪ ሲለኝ አሁንም የሌላ አገር ሰው እመርጣለሁ። የአጎቴ ደም ቢቀዳም ይህ አይለወጥም ነበር፤ እሱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ያልተነፈሱትን ነገር ክንዳቸውን ገልጠው ሊነግሩኝ መጥተው ነበር። እኔ አያስፈልግም አልኋቸው።