እንቁላል የሚመሰክርበት ካርቶን

ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነን። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ አድራሻ እጽፋለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እሷ ጠርሙስ ታሽጋለች። እዚህ ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ዕቃ አድራሾቹ ግን በሌለችበት «ፈታኟ» ይሏታል። ይህንንም ታውቃለች። እንዳልወደደችው ለማስመሰል ትሞክራለች እንጂ ደስ እንደሚላት ፊቷ ያሳብቅባታል።

የወይን ጠጅ መጥመቂያችን ትንሽ ነው። ከኋላ በርሜሎቹ፣ ከፊት ቢሮው፣ መሀል ላይ ደግሞ የእኛ ክፍል ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጣሪያ የነካ የካርቶን ክምርና በተፈለገ ቁጥር የሚጠፋ መቀስ አለን። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ሩቅ ናቸው። እዚህ የሞላነው ጠርሙስ እነሱ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያለው መንገድ የእኛ ሳይሆን የዕቃ አድራሾች ነው። ሲሰበር የሚነሳው ግን የእኛ ስም ነው፤ ስድቡን የምትሰማው ደግሞ እኔ ነኝ። እዚህ በሠራሁባቸው ሰባት ዓመታት አንድም ዕቃ አድራሽ ደውሎ «ተሰበረብኝ» ብሎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚነግረኝ ደንበኛው ነው፣ እሱም እየጮኸ።

እትዬ ለዚህ የራሷ መላ አላት። አዲስ ዕቃ አድራሽ ሲመጣ የደንበኛ ጠርሙስ ከመስጠቷ በፊት ትፈትነዋለች። ስድስት ጠርሙስ በሚይዘው ካርቶን አምስቱን ወይን ጠጅ ታደርግና በስድስተኛው ቦታ አንድ ጥሬ እንቁላልና አንድ ቸኮሌት ታስቀምጣለች። «ምስክሮቼ» ትላቸዋለች። ካርቶኑ ከተወረወረ እንቁላሉ ይናገራል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ቸኮሌቱ ይናገራል፤ አንዴ የቀለጠ ቸኮሌት ተመልሶ ቢረጋም የድሮ መልኩ አይመለስለትም። በሙቀት የዋለ ወይን ጠጅ ቡሹ ብቅ ይላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ደንበኛው ምን እንደነካው አያውቅም፣ ሁለተኛ አያዝም፣ በቃ።

የፈተናው ካርቶን የሚላከው የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ ለምትኖረው አክስቷ ነው። አክስትየው ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ካርቶኑን እንደ ተማሪ ደብተር ከፍታ በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ታርመዋለች። ማለፊያው ሰባት ነው። አሥር ያገኘ የለም፤ አንድም ተማሪ አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አምስቱን ጠርሙስ ለምን እንደማትመልስ ደግሞ የሚጠይቃት የለም።

የስንቱን ጉድ ሰማን! በመኪናው ጎን ላይ የሚበር ወፍ የሳለ ድርጅት ነበር፤ ካርቶኖቻችን ከወፉ ይልቅ በረዋል። አንዱ ቸኮሌቱን በልቶ መጠቅለያውን አጣጥፎ መልሶታል። ሌላው ዕቃውን የአክስትየው ጎረቤት ዘንድ ጥሎት ሄደ። ጎረቤትየው ዓይኑን በጨው አጥቦ አምስቱንም ከጠጣ በኋላ ደውሎ አመሰገነኝ፣ ዛሬ ደንበኛችን ነው። የወፉ ድርጅት በሁለተኛው ፈተናው ጊዜ ሾፌሩ እንቁላሉ ተሰብሮ ቢያገኘው ከራሱ ምሳ አንድ እንቁላል አውጥቶ ተካበት። አክስትየው ደውላ «እንቁላሉ በሰላም ደርሷል፤ ተቀቅሎ ነው እንጂ» አለች። እትዬ የሳቀችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በንዴት ስትንጨረጨር ነው የዋለችው።

አሁን ወደ ወንድሟ ልምጣ።

ታናሽ ወንድሟን አገር ምድሩ የሚያውቀው «ደረስኩ» በሚል ስም ነው። የትም ቅጠሩት፣ ሰዓቱ አልፎ ስትደውሉለት «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ይላል፤ ይህን ሲል ግን የጫማውን ክር እያሰረ ነው። ክፋት የለበትም። ሰው ማስቀየም አይችልም፣ ስለዚህ ሰው መስማት የሚፈልገውን ይናገራል። እኔ ሰውዬውን እወደዋለሁ፤ ቀጥሬው አላውቅማ።

እትዬ ግን አንድ ቀን አትረሳም። እናታቸው ከሆስፒታል የወጣች ቀን መኪና ይዞ እንዲመጣ ተነግሮት ነበር። «ደረስኩ» አለ። እናትና ልጅ ሆስፒታሉ በር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ስትደውል መልሱ ያው ነበር። እናትየው በነጠላዋ ተጠቅልላ «ይመጣል፣ ልጄን ተይው» ትላታለች። እናትየው ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እትዬ ስለዚያ ቀን ለእሱ አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም፤ ለእኔ ግን አራት ጊዜ ነግራኛለች።

ይኸው ደረስኩ ባለፈው ዓመት ኋላዋ ዝግ የሆነች አሮጌ መኪና ገዛና ዕቃ አድራሽ ሆነ። እኔ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ከክፍሉ ወጣሁ። እትዬ አልሳቀችም።

ከዚያ የሠርጉ ትእዛዝ መጣ። አሥር ካርቶን፣ ስድሳ ጠርሙስ፣ ለቅዳሜ፤ አዳራሹ ደግሞ ከአክስትየው ቤት ጀርባ። የወፉ ድርጅት ከተቀቀለው እንቁላል በኋላ ደጃችንን አይረግጥም። ሌላው «ጠርሙስ አልጭንም» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። የመጥመቂያው ባለቤት ሰኞ ጠዋት ገባና በር ላይ እንደቆመ፣ «እትዬ፣ ወንድምሽ መኪና አለው አይደል?» አላት።

መልስ ለመስጠት አንድ ሙሉ ካርቶን አሽጋ ጨረሰች።

«ፈተና ይቀድማል» አለች በመጨረሻ።

ምን እንደጨነቃት ገብቶኛል። እምቢ ብትል ወንድሟ ዕድሜ ልኩን ሆዱ ይሻክራል። እሺ ብላ የሰው ሠርግ ላይ የወይን ጠጁ ባይደርስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሟ በአንድ ቀን ይጠፋል።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሊመጣ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ «ደረስኩ» ብሎ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ካርቶኑን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ እታለም። አጠገቤ ወንበሩ ላይ፣ በትራስ አድርጌ ነው የምወስደው።»

«የደንበኛ ካርቶን በትራስ አይሄድም። ከኋላ።»

«እሺ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴ በር ላይ ነኝ።»

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ያን ቀን ያሸገችውን ሁለት ጊዜ ፈታ አሸገች። እኔም ለማጽናናት ብዬ «ምናልባት በስምንት ሰዓት ተኩል ይደርስ ይሆናል» ብላት «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። ሥራዬን ሠራሁ። ሰባት ሰዓት አካባቢ ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው። እጇ በማሸጊያ ፕላስተር ተይዞ ስለነበር ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትኩት።

«እታለም» አለ።

«ደረስኩ እንዳትለኝ» አለችው።

«አልደረስኩም።»

ፕላስተሩን የያዘው እጇ ባለበት ቀረ። እኔም ብሆን ይህን ቃል ከዚያ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቁልቁለቱ ላይ ውሻ ገባብኝ። ፍሬን ስይዝ ካርቶኑ ተንሸራቶ ከበሩ ጋር ተላተመ። ቆሜ ከፈትኩት። እንቁላሉ ተሰብሯል። አንዱ ጠርሙስም አንገቱ ተሰንጥቆ እየፈሰሰ ነው። ቸኮሌቱ ደህና ነው።»

«የት ነህ?»

ይህን ጥያቄ በሕይወቷ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠየቀችው እሷ ታውቃለች።

«ግማሽ መንገድ ላይ። ነዳጅ ማደያው አጠገብ፣ ሱቅ በር ላይ። ከአሥር ሰዓት በፊት አልደርስም።»

«ሱቁ እንቁላል ይሸጣል?»

«ሁለት ትሪ ሙሉ ፊቴ ተደርድሯል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አክስቴን ምን ልበላት?» አለ።

«ለእኔ ያልከኝን ንገራት» አለችና በክርኗ ስልኩን እንድዘጋው ጠቆመችኝ።

ውጤቱ ሊመሽ ሲል መጣ። «አምስት ሰጥቼው ነበር» አለች አክስትየው። «በሩ ላይ ቆሞ እኔ ሳልከፍተው ጥፋቱን አንድ በአንድ ሲዘረዝር ግን አንድ ጨመርኩለት። ስድስት። ከዚያ በላይ እንዳትለምኑኝ።»

በማግስቱ ባለቤቱ ገባ። ስድስት መሆኑን ሰምቷል።

«ማለፊያው ሰባት አይደለም እንዴ እትዬ? ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«ነኝ።»

«ታዲያ ወደቀ ማለት ነው።»

መቀሱን ፈለገች፣ አጣችው፣ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆረጠችው። «ሰባትና ስምንት ያመጡት ሲሰበርባቸው አንድ ቀን ደውለውልህ ያውቃሉ? ሁሉንም የሰማነው ከደንበኛ አፍ ነው። አርብ ይጭናል። ቢሰበርበት አርብ ከሰዓት እናውቃለን፣ ለመተካት አንድ ሌሊት ይኖረናል። ሌላው ቢሰብረው የምናውቀው ቅዳሜ፣ ሙሽሮቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው።» ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አየችው። «ካርቶኑ የተላተመውም እኔ ትራሱን ከልክዬው፣ በገመድ እሰረው ሳልለው ቀርቼ ነው። የአርቡ ከጠፋ እኔን ጠይቀኝ።»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንድለው እንደፈለገ አላውቅም። ስልክ የሚያነሳ ሰው አስተያየቱን የሚጠየቀው በችግር ቀን ብቻ ነው። «እኔ ደንበኛ ከመጮኹ በፊት መሰበሩ ተነግሮኝ አያውቅም፤ ደስ ይላል» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

አርብ ጠዋት አሥሩንም ካርቶን መኪናው ውስጥ ገብታ በራሷ እጅ አሰረች። እሱ ከውጭ ቆሞ ገመድ ያቀብላታል። ደረስኩ ዘግይቶ ነበር፤ ግን አርባ ደቂቃ እንደሚዘገይ አስቀድሞ ደውሎ ነግሮናል። ይህም ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሳ። እሷ የመኪናውን በር ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ተመለሰች።

ከዚያ ደግሞ የእኔ መከራ ጀመረ። ሰውዬው አንዴ እውነት መናገር ጣፍጦት ማቆም አቃተው። ድልድዩ ጋ «አልደረስኩም»። ማደያው ጋ «አልደረስኩም»። ቁልቁለቱን ከወረደ በኋላ «አልደረስኩም፣ ውሻውም የለም»። አምስት ጊዜ ደወለ። በአምስተኛው «ወንድሜ፣ አለመድረስህን አምነንልሃል» ልለው ፈለግኩ። እትዬን ሳያት ግን ተውኩት። በደወለ ቁጥር ትከሻዋ ትንሽ ወረድ እያለ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«እታለም» አለ። «ደረስኩ።»

ይኼው ነው፣ ስልኩን ዘጋው።

ቃሉ የድሮው ቃል ነው። እኔ የማውቀውን አደረግኩ፤ የአክስትየውን ቁጥር ፈልጌ መደወል ጀመርኩ። አዳራሹ ከቤቷ ጀርባ ነው፣ ወጣ ብላ ብታይ እውነቱ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ሁልጊዜም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እትዬ እጇን ስልኩ ላይ አሳረፈችው።

«ተይው» አለችኝ። «ደረስኩ ብሏል እኮ።»

እኔም ስልኩን አስቀምጬ መቀሱን መፈለግ ጀመርኩ። እሷ የሚቀጥለውን ካርቶን ወደ ራሷ ሳበችና መሥራቷን ቀጠለች።